አንሰን ዶራንስና የኮሌጅ ሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ናኦሚ ግርማን አብዛኞቻችን ያወቅናት በአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንና በቼልሲ መለያ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኮሌጅ ተጫዋች ነበረች። ይህ የኮሌጅ ኳስ ምን ዓይነት ነገር ነው? አሰልጣኞቹስ ምን ይሠራሉ? የሁሉንም አሰልጣኝ ታሪክ ከመዘርዘር የአንዱን ይዘን ብንሄድ ይሻላል። ያ ሰው አንሰን ዶራንስ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶራንስ ማን ነው?

በአሜሪካ፣ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ የሚገኘውን የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ከ1979 እስከ 2024 ያሰለጠነ ሰው ነው። የኮሌጆችን ስፖርት በሚመራው በኤንሲኤኤ ሥር 21 ጊዜ ብሔራዊ ዋንጫ በልቷል። ከኤንሲኤኤ በፊት የሴቶችን ውድድር የሚመራ ሌላ ማኅበር ነበር። በ1981 የዚያንም ወስዷል። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ 22 የሚል ካያችሁ ግራ አይግባችሁ፤ ሁለቱም ልክ ነው።

ከሴቶቹ ጋር ከ900 በላይ ጨዋታ አሸንፏል። የተሸነፈው ግን መቶ አይሞላም። በመሃል ደግሞ የአሜሪካን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ይዞ በ1991 የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ አንስቷል።

ኢትዮጵያ ኖሯል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ በልጅነቱ። የተወለደው በ1951 ሕንድ፣ ቦምቤይ ነው። አባቱ የነዳጅ ኩባንያ ሰው ስለነበር ቤተሰቡ ከአገር አገር ይዞር ነበር። ኬንያ፣ ኢትዮጵያ፣ ሲንጋፖር፣ ቤልጂየም፣ ስዊዘርላንድ እያለ ነው ያደገው። እና "የኛ ልጅ" ለማለት አንቸኩል፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዕድሜ እኩዮቹ አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል ሲጫወቱ እሱ ያደገው ልጅ ሁሉ ኳስ በሚያንከባልልባቸው አገሮች ነው።

እንዴት አሰልጣኝ ሆነ?

ሳያስበው። በዚያው በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና ፍልስፍና ተምሮ በ1974 ተመረቀ። ተማሪ እያለ ለዩኒቨርሲቲው ይጫወት ነበር። ከዚያ ሕግ መማር ጀመረ። በ1977 የድሮ አሰልጣኙ ማርቪን አለን ቦታውን ሲለቅ የወንዶቹ ቡድን ለዶራንስ ተሰጠ። ጠበቃ ሊሆን የነበረው ሰው በቃ ሜዳ ላይ ቀረ።

የሴቶቹ ነገር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ በራሳቸው ተሰባስበው የሚጫወቱ ሴት ተማሪዎች ነበሩ። እኛም እንደ ወንዶቹ የዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ቡድን እንሁን ብለው ጠየቁ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዶራንስን አስከትሎ ጨዋታቸውን ሊያይ ሄደ። ልጆቹ የምር እንደሚጫወቱ አየ። ቡድኑ ተፈቀደ፣ ዶራንስም ሁለቱንም ደርቦ ያዘ። እስከ 1988 ድረስ በአንድ ወቅት የወንዶችም የሴቶችም ዋና አሰልጣኝ ነበር። በ1987 ወንዶቹን ይዞ ብሔራዊ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል፤ ይሄኛው ብዙም አይወራም።

ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ቡድን ገንዘብ ማውጣት ለምን ፈለገ?

ሕግ አስገድዶት ነው ብንል አልተሳሳትንም። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ስፖርትም እዚያ ውስጥ ተጠቃለለ። የአሜሪካው ፉትቦል ብቻውን ብዙ ደርዘን ስኮላርሺፕ ይበላል፣ ተጫዋቾቹም ወንዶች ናቸው። ያንን ለማመጣጠን ብዙ ሴቶችን በአንዴ የሚይዝ ስፖርት ያስፈልጋል። እግር ኳስ ልክ ገጠመ። ዛሬ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ከ300 በላይ የሴቶች ቡድን አለ። የወንዶቹ ከዚያ በጣም ያንሳል። በሌላው ዓለም ያለውን ስናስብ ገራሚ ነው።

21 ዋንጫ የበላው ተፎካካሪ ስላልነበረ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በ1982 የመጀመሪያው የኤንሲኤኤ ውድድር ሲካሄድ የተሳተፉት 12 ቡድኖች ብቻ ናቸው። አሁን 64 ናቸው። ዋንጫዎቹን በዓመት ከፋፍላችሁ ብታዩ ነገሩ ፍንትው ይላል። ከ1982 እስከ 2000 ከተካሄዱት 19 ውድድሮች 16ቱን ወሰደ። ከ2001 ጀምሮ እስኪለቅ ግን አምስት ብቻ ነው ያገኘው፣ የመጨረሻውም በ2012 ነበር። ከዚያ በኋላ በ2018፣ በ2019 እና በ2022 ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል።

ግማሹ ደግሞ እውነት አይደለም። ሜዳው ባዶ የነበረው ለሁሉም ነው። ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች የሚገጥሙት ያንኑ ደካማ ተጋጣሚ ነበር፤ ግን ከነሱ አንዳቸውም ከ1986 እስከ 1990 ሳይሸነፉ 103 ጨዋታ አልሄዱም። ያንን ጉዞ ያቆመው የኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ከ1986 እስከ 1994 ዘጠኝ ዋንጫ በተከታታይ አነሳ። እኔን ከዋንጫው ቁጥር ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ተፎካካሪ የለም ከተባለ ልጆቹን ምን ያነሳሳቸዋል? በሳምንት ሁለቴ አምስትና ስድስት ለዜሮ የሚያሸንፍ ቡድን ልምምድ ላይ ለምን ይሮጣል?

ታዲያ ምን ያነሳሳቸው ነበር?

እርስ በርሳቸው። የዶራንስ ሥራ ዋናው ቁምነገር እዚህ ላይ ነው፣ እናም ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲን ስሚዝ የሚባል ታላቅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበር። ዶራንስ የሱን ልምምድ ሊያይ ይሄዳል። ሜዳው ዳር ወረቀት የያዙ ረዳቶች ቆመዋል። ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ የትኛው ቡድን አሸነፈ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። ዶራንስ ይሄንን ወስዶ ወደ ሴቶቹ ሜዳ አመጣው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። አንድ ለአንድ ፍልሚያ አለ፤ ሁለት ልጆች፣ አንድ ኳስ። ያሸነፈችው ይጻፍላታል፣ የተሸነፈችውም ይጻፍባታል። ሩጫ ይለካል። የግንባር ኳስ ይቆጠራል። አራት ለአራት፣ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ የማን ቡድን እንዳሸነፈ ይመዘገባል፣ ቡድኑ እየተቀያየረ ስለሚሄድ ደግሞ ያለችበት ቡድን ሁሌ የሚያሸንፍ ልጅ በቁጥሩ ትታወቃለች። ከዚያ በየዘርፉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ይወጣል። ወረቀቱ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ይለጠፋል። አሰልጣኙ ለምን አላሰለፍከኝም ብላ የምትመጣ ልጅ ካለች መልሱ ግድግዳው ላይ ነው።

ካርድ ላይ "ከ60 ተማሪ 14ኛ" ተብሎ ተጽፎልን ላደግን ለኛ ደረጃ ማውጣት ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ፣ የኛ ደረጃ ሴሚስተር ሲያልቅ ከመጣ በኋላ ለቁጣ ነበር የሚጠቅመው። የነሱ ወዲያው ይወጣል፣ የቱ ጋ እንደደከምሽም ነጥሎ ይነግርሻል። በግንባር 20ኛ ነሽ፣ በአንድ ለአንድ 3ኛ ነሽ። ነገ ምን ላይ እንደምትሠሪ ታውቂያለሽ ማለት ነው።

ዶራንስ ይህን ያመጣበት ምክንያት ነበረው። ወደ እሱ የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ጓደኛን ማሸነፍ እንደ ነውር ሲቆጠር ያደጉ ናቸው። ልምምድ ላይ ጓደኛዋን ላለማስከፋት እግሯን ታነሳለች። ሲጻፍ ግን ሰበብ ታገኛለች። "እኔ ምን ላድርግ፣ ይቆጠራል!" ትላለች፣ ትጋጠማለችም። ከሜዳ ሲወጡ አብረው እራት ይበላሉ። ሁሉም ልጅ ግን ይህን ይችላል ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ የተጻፈችውን ልጅ አስቧት። ዓመቱን ሙሉ ስሟን ከታች የምታነብ የ18 ዓመት ልጅ አሰልጣኟ አጠገቧ ካልሆነ ትሰበራለች።

ሴቶችን ማሰልጠን ወንዶችን ከማሰልጠን ይለያል?

ዶራንስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለያዘ ይለያል ባይ ነው። ደጋግሞ የሚያነሳው ምሳሌ አለ። ወንዶቹን ሰብስቦ "አንዳንዶቻችሁ እየሠራችሁ አይደለም" ሲል እያንዳንዱ ወንድ ስለ ሌላው እንደሚወራ ያስባል። ያንኑ ለሴቶቹ ሲል እያንዳንዷ "እኔን ነው" ትላለች። ስለዚህ ከሴቶቹ ጋር ጩኸቱን ቀንሶ አንድ በአንድ ማነጋገር ያዘ። ለብሔራዊ ፍጻሜ ሲደርሱ ለሚመረቁት ተጫዋቾች በእጁ ደብዳቤ ይጽፋል። ስላገቡት ጎል አይደለም፤ እንደ ሰው ለቡድኑ ስለሰጡት ነገር ነው።

ይህን አባባል እንዳለ መዋጥ ግን አይገባም። ምክር ሲሰጠው "ለሌላ ሰው ነው" የሚል ሴት ሞልቷል፣ ቃል የሚያደማው ወንድም እንዲሁ። ጥሩ አሰልጣኝ የሚለየው ፊቱ የቆመችውን ልጅ በማወቁ ነው።

ሚያ ሃምን ያገኛት እሱ ነው?

ሚያ ሃም በኋላ የአሜሪካ ሴቶች እግር ኳስ ትልቋ ኮከብ የሆነችው አጥቂ ናት። ዶራንስ ሊያያት የሄደው ቴክሳስ ያለ አሰልጣኝ ደውሎለት ነው። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነበር። ዶራንስ ሜዳው ጋ ሲደርስ የትኛዋ እንደሆነች እንዳይነግሩት ጠየቀ፤ ራሱ አይቶ ሊለያት ፈለገ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ኳስ ተሰነጠቀ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ተፈተለከች። ሌላ መጠየቅ አላስፈለገውም። በ15 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን አጫወታት፣ በኋላም ወደ ኖርዝ ካሮላይና መጣች።

ከዚህ የበለጠ የሚታወቀው ግን የመናፈሻው ታሪክ ነው። አንድ ጠዋት ዶራንስ መኪናውን እየነዳ ሲያልፍ ሚያ ብቻዋን በሩጫ ስትመላለስ ያያታል። አሰልጣኝ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም። ትሮጣለች፣ ጉልበቷን ይዛ ትጎነበሳለች፣ ላቧ ይንጠባጠባል፣ እንደገና ትነሳለች። አላስቆማትም። ቢሮው ገብቶ ያየውን በአጭሩ ጽፎ ላከላት። ያ ማስታወሻ በኋላ በየአገሩ መልበሻ ክፍል ተለጥፏል።

ከሱ እጅ ያለፉት ብዙ ናቸው። ክሪስቲን ሊሊ፣ ካርላ ኦቨርቤክ፣ ሄዘር ኦራይሊ፣ ቶቢን ሂዝ፣ ክሪስታል ደን። እንግሊዛውያኑ ሉሲ ብሮንዝና አሌሲያ ሩሶም እዚያ ተጫውተዋል።

ኮሌጅ እያሰለጠነ እንዴት የዓለም ዋንጫ አሸነፈ?

በዚያን ዘመን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ከ1986 እስከ 1994 ሁለቱንም ያዘ። በ1991 ቻይና ላይ በተካሄደው ውድድር አሜሪካ ኖርዌይን ጓንዡ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለቱንም ያገባችው ሚሼል ኤከርስ ናት፣ ሁለተኛው በ78ኛው ደቂቃ ነው። ያኔ ለሴቶች የተፈቀደው 80 ደቂቃ ብቻ ስለነበር የቀረው ሁለት ደቂቃ ነበር። ሴቶች 90 ደቂቃ አይችሉም የተባለ ይመስል!

ስለ ክሱስ?

የዶራንስን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንን መዝለል የለበትም። በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾቹ በጾታዊ ትንኮሳ እሱንና ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ስለ ተጫዋቾቹ የፍቅርና የወሲብ ሕይወት በሚወራው ወሬ ውስጥ ይገባ ነበር የሚል ነው ዋናው ነገር። ዶራንስ ትንኮሳ አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። አንደኛዋ በ2004 በስምምነት ጨረሰች። ሌላኛዋ ጉዳዩን እስከ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ወስዳ በ2008 በ385,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ዶራንስ በእንዲህ ዓይነት ወሬ መሳተፉ ተገቢ እንዳልነበር ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል።

የኮሌጅ አሰልጣኝ ሥልጣን ቀላል አይደለም። ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ስኮላርሺፕ እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። የልጅቷ የትምህርት ክፍያም በእጁ ነው። "አንድ በአንድ ማወቅ" የሚባለው የማሰልጠን ዘዴ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ግን ድንበር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ድንበሩ ታልፏል።

ናኦሚ ግርማን አሰልጥኗታል?

አላሰለጠናትም፣ ተሸንፎላታል። ናኦሚ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች፣ እናትና አባቷ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ኳስ የጀመረችው አባቷ ለሐበሻ ቤተሰብ ልጆች ባቋቋመው "ማለዳ" በሚባል ቡድን ውስጥ ነው። ከዚያ ስታንፎርድ ገባች፤ አሰልጣኟ ፖል ራትክሊፍ ነበር።

በታኅሣሥ 2019 ስታንፎርድና ኖርዝ ካሮላይና ለፍጻሜ ተገናኙ። የት? ሳን ሆዜ፣ ናኦሚ ባደገችበት ከተማ። 90 ደቂቃ ባዶ ለባዶ፣ ተጨማሪ ሰዓትም ባዶ ለባዶ። በፍጹም ቅጣት ምት ስታንፎርድ 5 ለ 4 አሸነፈ፤ ግብ ጠባቂዋ ኬቲ ማየር ሁለት አድናለች። ናኦሚ በ2022 የአሜሪካ ሊግ ምልመላ ላይ አንደኛ ሆና ተመረጠች። በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። በ2025 መጀመሪያ ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰዳት፤ በሴቶች እግር ኳስ ሚሊዮን ዶላር ያለፈች የመጀመሪያዋ ተጫዋች ናት።

በጣም ያንገበገበው ሽንፈት የትኛው ነው?

ልቡን አናውቅም። ተመልካቹን ያንገበገበው ግን የ2022ቱ ይመስለኛል። ዩሲኤልኤን፣ ማለትም የሎስ አንጀለሱን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ 2 ለ 0 እየመሩ ነበር። 80ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ገባባቸው። ሰዓቱ 16 ሰከንድ ሲቀረው በማዕዘን ምት ሌላ ገባ። በ107ኛው ደቂቃ ሦስተኛው። የዩሲኤልኤዋ አሰልጣኝ ማርገሪት አዎዛሳ ዋና አሰልጣኝ ከሆነች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነበር።

ሴት አሰልጣኞች የት አሉ?

አሉ፣ ግን ከሚገባው በታች። ታይትል ናይን በወጣበት ጊዜ ከሴቶች ቡድኖች አሰልጣኞች ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ግማሽ አይሞሉም። ምክንያቱ አያስቸግርም። በነጻና በትንሽ ብር ሲሠራ የነበረ ሥራ ደመወዝ ሲመጣለት ወንዶቹም መጡ። ቀጣሪዎቹም ወንዶች ነበሩ። ላይ ታች የሚያስብል የጉዞ ሥራ ስለሆነ ልጅ የወለደች ሴት ትታው ትወጣለች። ዶራንስ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው።

ያም ሆኖ ቤኪ በርሊ በ1995 ከባዶ የጀመረችውን የፍሎሪዳ ቡድን ይዛ በ1998 ፍጻሜ ዶራንስን 1 ለ 0 አሸንፋለች። አማንዳ ክሮምዌል በ2013 ለዩሲኤልኤ የመጀመሪያውን ዋንጫ አምጥታለች። የዶራንስ የቀድሞ ተጫዋች ኤፕሪል ሃይንሪክስ ደግሞ ከኮሌጅ አሰልጣኝነት ተነስታ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንን ይዛ በ2004 የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች።

አሁን የት ነው ያለው?

በነሐሴ 2024፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በ73 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ረዳቱ ዳሞን ናሃስ በጊዜያዊነት ተተካ። ናሃስ በታኅሣሥ ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ፤ ከዚያ ሥራው ቋሚ ሆነለት። የሚጫወቱበት ሜዳ ዶራንስ ሜዳ ይባላል።

የኮሌጅ አሰልጣኝ ዓመቱን እንዴት ያሳልፋል?

ውድድሩ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፣ ዕድለኛ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ 20 ጨዋታ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ሐሙስና እሑድ ነው፤ በመሃል ፈተና አለ፣ አውቶቡስ አለ። ሕጉ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲያሠራቸው አይፈቅድለትም። ቅያሪውም ከምናውቀው ይለያል። የወጣች ተጫዋች በሁለተኛው አጋማሽ ተመልሳ መግባት ትችላለች። ዶራንስ ይህን ሕግ እስከ ጥግ ተጠቅሞበታል። ከኋላ ሦስት ተከላካይ ብቻ አቁሞ ተጋጣሚውን ሜዳው ውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ የደከሙትን አውጥቶ ትኩስ ልጆች ያስገባል፤ አፈናው አይቋረጥም።

የቀረው ዓመት ምልመላ ነው። አውሮፕላን፣ የወጣቶች ውድድር፣ ሜዳ ዳር ተጣጣፊ ወንበር፣ የወላጆች ስልክ። በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የልጃገረዶች የሥልጠና ካምፕ አለ፤ ለብዙ አሰልጣኞች ተጨማሪ ገቢ የሚገኝበትም፣ ነገ የሚመለምሏትን ልጅ ዛሬ የሚያዩበትም ነው።

ወደዚህ ሥራ እንዴት ይገባል?

በአብዛኛው ተጫውቶ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ በረዳትነት። ዲግሪ የሌለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይቀጠርም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ኮን መደርደርና ቪዲዮ መቁረጥም ያለበት ነው። ጎን ለጎን የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፈቃዶችን ከዲ ጀምሮ ወደ ኤ መውጣት ይጠበቃል። የሕግ ትምህርት አቋርጦ በቀጥታ ዋና አሰልጣኝ መሆን የ1970ዎቹ ነገር ነው።

ልጄ ጎበዝ ናት። ለኮሌጅ ኳስ ምን እናድርግ?

አሜሪካ ላላችሁ፦ የከፍተኛው ዲቪዚዮን አሰልጣኞች ልጅቷን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት 10ኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ፣ ከሰኔ 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ካልመለሱላት ንቀው አይደለም፣ ሕጉ ነው። ውጤቷን አትርሱ፤ ለከፍተኛው ዲቪዚዮን ከ16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶች ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ያስፈልጋል። "ሙሉ ስኮላርሺፕ" የሚለው ወሬም ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል። ለረጅም ጊዜ አንድ ቡድን የነበረው 14 ስኮላርሺፕ ነው፣ ያ ነው ከ25 ለሚበልጡ ልጆች ሲሸነሸን የኖረው። ከ2025 ወዲህ ስለ ኮሌጅ ተጫዋቾች ክፍያ በፍርድ ቤት የጸደቀውን አዲሱን ስምምነት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 28 ተጫዋች መያዝና ለሁሉም መስጠት ይፈቀድላቸዋል። መፈቀድና መስጠት ግን ለየቅል ናቸው። ሃርቫርድን የመሳሰሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶችና ሦስተኛው ዲቪዚዮን ለስፖርት ብሎ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ የለም፤ በቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ግን አንዳንዴ ከስፖርቱ ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ፦ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም ዝግ አይደለም። ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና ጥሩ ቪዲዮ ያስፈልጋል። ደመወዝ ከሚከፍል ክለብ ጋር ውል ከመፈረሟ በፊት ጠይቁ፤ ያ ፊርማ የኮሌጅ ተጫዋችነት መብቷን ጥያቄ ውስጥ ሊከት ይችላል።

ለሁለታችሁም፦ ለአሰልጣኙ የሚላከውን ኢሜይል ልጅቷ ራሷ ትጻፈው። አጭር ይሁን። የምትጫወትበትን ቦታ፣ የክፍል ውጤቷንና ቀጥሎ የምትጫወትበትን ቀንና ሜዳ ትጥቀስ። ቪዲዮው ላይ ሙዚቃና የስም ማሳያ አይርዘም፤ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ላይ ምርጥ ጨዋታዋ ይቅደም። አባቷ የጻፈውን ደብዳቤ አሰልጣኞቹ ገና ከመጀመሪያው መስመር ያውቁታል።